አራተኛው ፊደል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ሳወራችሁ ፊቴ ይሞቃል። ወረታ የእንግሊዝኛ መምህርት ሳለሁ፣ ሐጂ ይማም የሚባሉ ነጋዴ ከሟች አባታቸው የወረሱትን አሮጌ የጭነት መኪና እንደ ጥንቱ ያሳድሱ ነበር። የእጅ ጽሑፌ እንደሚያምር ሰምተው፣ የደበዘዙትን የፋብሪካ ጽሑፎች በቀይ ቀለም እንዳድስላቸው ለመኑኝ። «ፋብሪካው እንደጻፈው ይሁንልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። የሞተሩ ዘይት መጨመሪያ ክዳን ላይ አራት የላቲን ፊደል አገኘሁ። እኔ የማውቀው የእንግሊዝኛው ዘይት፣ «ኦይል»፣ ግን በሦስት ፊደል ነው የሚጻፈው። ፋብሪካው ተሳስቷል ብዬ አሮጌውን ቀለም ፋቅሁና አርሜ ጻፍኩት።

ሐጂ ማንበብ አይችሉም። ክዳኑን አገላብጠው አዩና፣ «መምህርት፣ የመጨረሻው ክብ የት ሄደ? አባቴ፣ ኦሊዮ የምትጨምረው ከፊትም ከኋላም ክብ ካለበት ነው ይለኝ ነበር» አሉኝ።

ኦሊዮ! ቃሉን ከአፋቸው ስሰማ ጥፋቴ ገባኝ፤ መኪናው የጣሊያን ነው፣ ጽሑፉም ዘይትን «ኦሊዮ» የሚለው ጣሊያንኛ ነበር። ግን አፈርኩ። «አባትዎ ተሳስተው ይሆናል» አልኳቸው።

ሐጂ ክዳኑን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «የተማርሽው አንቺ ነሽ። እኔስ አባቴ በዚህ መኪና ነገር የሚሳሳት አይመስለኝም ነበር» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሄጄ፣ ሦስቱን ፊደል በቤንዚን አጠፋሁና አራቱን ጻፍኩ። «አባትዎ ልክ ነበሩ» አልኳቸው፤ «ፊደሉ ደብዝዞ አልታየኝም ነበር።» የዚያ ክዳን ፊደል ግን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።