ገንቢው ማን ነው?

የተከበራችሁ ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ቤተሰቦች፣

ይህን የስንብት ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር ሀኒያ፣ ምስሩንም ጎመኑንም እንቁላሉንም አንድ ትሪ ላይ አገኘሁት፤ እኔ ይርጋነሽ ሠላሳ አንድ ዓመት የለፈለፍኩት ለካ ሰሚ ነበረው! ከሞጣ ተነሥቼ ወደዚህ ወደ ቢቸና ስመጣ "ለሁለት ዓመት ብቻ" ብዬ ነበር። አሁን ማን ያምነኛል?

ሐብታሙስ? ፋርማሲስታችን ዳይት ላይ ነው! ስልኩ "እንጀራ ጠላትህ ነው" ብሎት፣ ይኸው ወሩን ሙሉ በሥጋና በእንቁላል። "ረቡዕና ዓርብስ ምን ትበላለህ?" ብለው፣ "ውኃ" አለኝ። ሳቁበት፣ ራሱም እየሳቀ ነው።

ለራሱ ከሆነ መብቱ ነው። ትናንት ግን በመድኃኒት መስጫው መስኮት አንዲት የምታጠባ እናትን "እንጀራ ቀንሺ" ሲላት ሰማሁትና ደነገጥኩ። ለምን እንደ ደነገጥኩ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ብሩክታይት የምትባል ነፍሰ ጡር መጣች፤ ፊቷ ገርጥቷል። ፖስተሬን ዘርግቼ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልኩ አስተማርኳት። "ገንቢ ምግብ እንዳይጎድል! እንቁላል፣ ወተት፣ በጾም ደግሞ ባቄላና ምስር" አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። እኔም አስተማርኩ ብዬ ኮራሁ።

በወሩ ስትመለስ ብሶባት አገኘኋት። "አልነገርኩሽም?" ብዬ ጮኽኩባት።

"ነግረውኛል እንጂ እትዬ። አንድም ቀን እንቁላል ሳላበላው አላደርኩም።"

"ማንን?"

"ባሌን ነዋ! ገንቢው እሱ አይደል?"

ባሏ ፋንታ ለካ ግንበኛ ኖሯል! አገሩ የቅኔ አገር፤ እኔ ሰሙን ብናገር እሷ ወርቁን ፈታችው። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከዚያ የዓይኗን ቆብ ገለጥ ባደርገው ውስጡ ነጭ ነው፤ ደም የለም። ሳቄ እዚያው ደረቀ። በዚያ አኳኋን ምጥ ቢመጣባት ሁለቱንም ልናጣቸው ነበር። ለዚያውም በእኔ ቃል!

የደም ማነስ ክኒኑን ሰጥቻት ራሴ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ፋንታ ማዕድ ላይ ነበር።

"እዚህ ቤት ገንቢው ማን ነው?" አልኩት።

"እኔ ነኛ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"አንተ የምትገነባው ድንጋይ ነው። እሷ ሰው እየገነባች ነው" ስለው፣ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋው።

ልጅቱ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆና ተወለደች! እናትም ልጅም ደኅና! ያን ቀን በዚህ ግቢ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አዋላጇ "ሲስተር፣ ሥራ ላይ ነን" ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንዲትም እናት "ምን ሰማሽ?" ሳልል አሰናብቼ አላውቅም። ብረቱም፣ ፕሮቲኑም፣ ቫይታሚኑም መጽሐፍ ላይ አለላችሁ፤ ስልክ ላይማ ሞልቶ ተርፏል። እንቁላሉ ማን አፍ እንደሚገባ ግን ስልኩ አያውቅም። ሐብታሙ፣ ወንድሜ፣ ያቺን እናት ነገ አስጠራትና ምን እንደ ሰማች ጠይቃት። እሺ በለኝ! … እሺ አለ! ሰማችሁ አይደል?

አሁን ወደ ኋላ ዞር በሉና ያን ሽበታም ሰውዬ እዩልኝ። ፋንታ ነው! ቅድም በር ላይ አንድ ቅርጫት እንቁላል አስይዞኝ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ሲስተር፣ ይኸ ለገንቢዋ ነው። ዛሬስ በትክክል ሰምቻለሁ?"

በትክክል ሰምተሃል ፋንታዬ! ደስታዬን የት ላድርገው?

ወገኖቼ፣ ገበታችሁ አይጉደል። እጃችሁ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። ልጆቻችሁ አጥንታቸው ይጥና፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። ሞጣ ስትመጡ ቤቴ ክፍት ነው፤ ሐብታሙም እዚያ እንጀራ ይበላል!

ሰው ሳልጠይቅ አላሰናብትም ብያለሁ፤ እናንተንም እንዲሁ። እስቲ፣ ምን ሰማችሁ?