ሰዓቷ ለሚሞላት ልጅ

እንዴት ዋሉ ጌታው? ሱቅዎ ደስ ይላል። ይሄ ሁሉ የግድግዳ ሰዓት አንዱ ከሌላው አይስማማም፤ ሁሉም ግን ትክክሉ እኔ ነኝ ይላል። ቤተሰብ ይመስላል። አይ፣ አልቀመጥም፤ ከአውሮፕላን ከወረድኩ አራት ቀኔ ነው፣ መቀመጥ ሰልችቶኛል። በሩ አጠገብ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ይረፍ፤ ሱቅዎ መግቢያ ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ እሱ ደግሞ ደረጃ ያደክመዋል...

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጽሐፍ ሳነብ አረጀሁ፣ ግን ይሄን የትም አላገኘሁትም። በእጅ የሚሞላ ሰዓት በስንት ጊዜ ነው የሚሞላው? በቀን አንዴ... ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት... ከእጅ አውልቆ፣ ጣት ላይ ከበድ እስኪል ድረስ። ከዚያ በቃ? ይኸው ነው? እኔ እኮ ትልቅ ጥበብ መስሎኝ ነበር! ጥርስ መፋቅ እንኳ ከዚህ ይረዝማል።

ይቺን ሰዓት አባታችን አርባ ዓመት ራሳቸው ሞሏት። ኋላ ጣታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራው ለአንድ ሰው ተሰጠ። ስሙን አልጠራም፤ ሐሜት ይሆናል። ግን ምን ዓይነት ሰው መሰልዎ! የሚኖረው ከአባታችን ታች ፎቅ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ፤ እኛ ቤት ዘመዱም ጎረቤቱም አንድ ሰው ሆነና... ምን ሊጎድል? በመሃል ያለው አሥራ ስምንት ደረጃ ብቻ።

እኔማ ሩቅ ነኝ። ሩቅ ያለ ሰው የሚሞላው የስልክ ካርድ ነው። እሁድ እሁድ ስደውል አባቴ ስልኩን ሰዓቷ ላይ ያስጠጉና «ሰማሽ? ዛሬም ተሞልታለች» ይሉኝ ነበር። ወሩ በገባ በስምንተኛው ቀን ሰምቻታለሁ። በሚቀጥለው እሁድ «እጄ ዝሏል ልጄ፣ ሌላ ጊዜ» አሉ። በቀጣዩም እሁድ እጃቸው ዛለ። ወሩ በገባ በሃያ ሰባተኛው ቀን አረፉ።

ያ ሰው ታዲያ በለቀስተኛ ፊት ምን አለ? «አንድም ጠዋት ሳላስታጉል ሞላሁላቸው። እንዲያውም አብዝቼ ሞልቻት ነው መሰል ተበላሸች።» አያሳዝንም? ከፍቅር ብዛት! ስንቱ ልጅ አባቱን ረስቶ ይኖራል፣ እሱ ግን ሲወድ ሰበረ። እንዲህ ያለ ልጅ የሚገኘው መጽሐፍ ውስጥ ነው ብዬ ነበር... ሳስበው ግን እዚያም አላጋጠመኝም።

እርስዎ ደግሞ አሁን ከፍተው ያዩና፣ «የውስጧ ሞላ አልተበጠሰም፤ ምንም አልሆነችም፤ የሚሞላት አጥታ ነው የቆመችው» ይሉኛል። ቀስ ብለው ይናገሩ እባክዎ፤ ወንድሜ ይሰማል፣ ሆደ ባሻ ነው። አንዴ ከሞሏት ምን ያህል ትሄዳለች? አንድ ቀን ተኩል... ከዚያ አታልፍም? እንግዲያው ያቺ ትንሿ መስኮት ላይ ያለውን የቀን ቁጥር ያንብቡልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። አሥራ አንድ። ደግመው ይዩት እስቲ፣ ሃያ ሰባት አይደለም?... አሥራ አንድ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ ነበር፤ ይቺ ምስኪን ማደር እንኳ አልቻለችም።

ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ሥራ ለሚበዛበት ሰው አሥራ ስድስት ቀን ምን አላት? ምግብማ የቤት ሠራተኛዋ ታቀርብላቸው ነበር። ሰዓቷንም ልሙላልዎ ብትላቸው «ተያት፣ ልጄ አሁን ይመጣል» እያሉ አላስነኳትም አለችኝ። በየጠዋቱ... «አሁን ይመጣል»። እኔስ? እጄ ዛለ ሲሉኝ አምኜ ስልኩን ዘጋሁ። ብዙ ያነበበ ሰው ሞኝነቱም ብዙ ነው።

አባታችን ወረቀት ትተዋል፤ «ሰዓቷ ለሚሞላት ልጄ ትሁን» ይላል። ሁለታችንም እዚህ የመጣነው ለዚሁ ነው። እውነቱን ልንገርዎና እኔ ልወስዳት ነበር አመጣጤ። አሁን ግን... ለወንድሜ ይስጡት። ሌላ ማን ይገባዋል? አይሙሏት ብቻ። አሥራ አንድ እንዳለች ጠቅልለው ይስጡት፤ የሚሞላት እሱ አይደል?

ያንን ስሙን ያልጠራሁትን ሰው ደግሞ ሳልመርቀው አልወጣም። እርስዎ አሜን ይበሉልኝ፤ ወንድሜም ደስ ካለው ይበል። ዕድሜ ከጤና ይስጠው፤ እንደ አባታችን ዘጠና ይድፈን። ጣቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰዓቱን የሚሞላለት ልጅ አይንሳው። ልጁም እንደ እኔ ሩቅ አይሂድበት፤ እዚያው ታች ፎቅ ያኑርለት። መልኩም፣ ጠባዩም፣ አባት አወዳደዱም... ቁርጥ እሱን ያስመስልለት።