ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ስድስት ወር ሆነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከሥራና ለምኜ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ አዋቂ ሳይሆን፣ በቅርብ ሆኖ እንዳየ ሰው ነው።

እሱ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ መቆጣጠሪያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። እኔ ደግሞ የከፍተኛ ኃይል መስመሩን በእግር እየተከተልኩ ምሰሶና ሽቦ የምፈትሽ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ አብረን ወደ ሥራ ስንሄድ፣ አንዲት ወጣት ትልቅ ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገባችን ተቀመጠች። ወንድሜ ዝም ብሎ መጓዝ አይሆንለትም።

«ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የያዝሽው?»

«የመለኪያ መሣሪያ ነው፣ አባባ። እርስዎስ ምን ይሠራሉ?»

«መብራት የምመልሰው እኔ ነኛ!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «መስመሩ ሲቋረጥ ስልኩ ይንጫጫል። ሆስፒታሉ በአንድ በኩል፣ ፋብሪካው በሌላ በኩል፣ አለቃዬ ደግሞ ከሁሉም ብሶ። እኔ ታዲያ ምንም አልጠይቅም፤ ብሬከሩን፣ ትልቁን የመስመር ማብሪያና ማጥፊያ፣ መልሼ አስገባዋለሁ። እንቢ ካለ እደግመዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ይገባዋል።»

«ለምን እንደተቋረጠስ?»

«ፈሪ ነዋ! አምና ሪሌይ የሚባል አዲስ ሳጥን ገጠሙልን። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ደንግጦ መስመሩን ይቆርጣል።»

«እኔም የተላክሁት እሱን ፈሪ ለማየት ነው» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። ወንድሜ ጣቢያው እስክንደርስ ኮፍያውን ደጋግሞ አስተካከለ። እኔም ሳቄን አፍኜ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ልጅቷ ለካ መሐንዲስ ናት፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ሪሌዩን ፈልጋ አጣችው። ወንድሜ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰቅሎበት ነበር።

«መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ዓይኔን አስቸገረኝ» አለ። «ደግሞ ቀኑንም ማወቅ አለብኝ።»

ወረቀቱን ገለጠችው። ከጀርባው ትንሽ መስኮት ታየ፤ ቁልፉን ስትነካው ቁጥሮች ተደረደሩ።

«አባባ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ተቋርጧል። ሰባቱም ከዚህ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ።»

«እዚህ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር በምን አየ? ጠንቋይ ነው?»

ወንድሜን የሚያውቅ ሰው እዚህች ላይ ቁጣው እንዳለቀለት ይረዳ ነበር። ያልገባውን ነገር ሳይፈታ መተኛት አይችልም።

«ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚለካው» አለች። «ሽቦው ከዛፍ ወይም ከመሬት ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ መንገድ ያገኛል። የሚፈሰው በድንገት ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ጉዳቱ ቅርብ ከሆነ ግፊቱ በጣም ይወርዳል፤ ሩቅ ከሆነ ያን ያህል አይወርድም። ግፊቱን ለሚፈሰው ሲያካፍለው ርቀቱን ያገኘዋል።»

«ይኼን ሁሉ ሒሳብ በስንት ጊዜ?»

«እርስዎ ዓይንዎን አንዴ እስኪያርገበግቡ፣ እሱ ለክቶ፣ ብሬከሩን አስከፍቶ ጨርሷል።»

ወንድሜ ዓይኑን ሁለት ሦስት ጊዜ አርገበገበ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ ጎበዝ ይሁን። ግን ሆስፒታሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ቁጥር ላንብብ? ብዙውን ጊዜ ስመልሰው ሳይቋረጥ ይቀጥላል እኮ! ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ይህ ተራ ግትርነት አልነበረም፤ የስልኩን ጩኸት ያን ሁሉ ዓመት የሰማው እሱ ነው። መሐንዲሷም አልናቀችውም።

«ቅርንጫፍ ነክቶት ካለፈ ይቀጥላል፣ እውነትዎን ነው። ለዚያም ነው ሳጥኑ ራሱ አንድ ጊዜ መልሶ የሚሞክረው። ሁለተኛ ከቆረጠው ግን ጉዳቱ እዚያው አለ ማለት ነው። ያኔ በግድ ሲመልሱት ሽቦው ይቀልጣል፤ ትራንስፎርመሩም ይጎዳል። እሱ ከተቃጠለ ደግሞ ሆስፒታሉ የሚጨልመው ለሰዓታት ሳይሆን ለወራት ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ መስመሩ ሲቋረጥ የት ነው የሚሆኑት?»

«ከሥሩ ነዋ።»

«ሁልጊዜ?» አለ ወንድሜ።

«ሲቋረጥ አይደል እንዴ የምላከው፣ ጋሼ?»

እሱ በግድ ሲመልሰው እኔ ከሥሩ እንደምሆን ለካ አስቦት አያውቅም ነበር። እኔም ብሆን ነግሬው አላውቅም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን እንደ አውቶቡሱ ጊዜ አልነበረም።

በመኪና ሄድን። መብራቱ በተመለሰ ቁጥር ከመንገድ ስለሚመልሱኝ፣ በዚያ ሁለት ወር እኔም እዚያ ድረስ አልሄድኩም ነበር። አርባ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ረጅም ዛፍ ወደ ሽቦው ተጠግቶ፣ ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ቆሟል። ወንድሜ አንገቱን ቀና አድርጎ ጫፉን አየ።

«ሰባት ጊዜ ነገረኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ወረቀት ሰቀልኩበት።»

ዛፉ ተቆረጠ። ወንድሜም በትልልቅ ፊደላት «መጀመሪያ አንብብ፣ ከዚያ መስመር ላይ ያለውን ሰው ጠይቅ፣ መመለስ የመጨረሻ ነው» ብሎ ጽፎ ከስልኩ በላይ ለጠፈው። መሐንዲሷንማ በጥያቄ አደከማት፤ «አባባ፣ ምሳዬን ልብላ» እስክትል ድረስ ይደውልላት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ነፋስ በበረታበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እየሄድኩ ሳለ ሽቦውን ከምሰሶው ያንጠለጠለው ሲኒ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ሸክላ፣ ተሰበረ። ሽቦው የምሰሶውን ብረት ገጭቶ ብልጭ አለ፤ ወርዶ ከፊቴ መሬት ላይ፣ ሳጥኑ ራሱ መልሶ ሲሞክረው፣ አንዴ ደግሞ ብልጭ ብሎ ጭጭ አለ። መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይሆናልና እግሬን ገጥሜ ባለሁበት ደረቅሁ። እንደ ድሮው ቢሆን ወንድሜ በዚያች ደቂቃ በእጁ ይመልሰው ነበር።

አብሮት የሚሠራው ሰው በኋላ እንደነገረኝ፣ አለቃው በስልክ «መልሰው!» ብሎ ጮኾበታል። ወንድሜም «ጌታዬ፣ ሃያ ስምንት ይላል፤ ሰው አለኝ እዚያ። አልመልስም» ብሎ ዘጋው።

ሆስፒታሉ በአዲሱ ጄኔሬተሩ ቆየ፤ ሠራተኞች የት እንደሚሄዱ አውቀው በቀጥታ መጡ፤ በማግስቱ ጠዋት መስመሩ ተጠገነ። ትራንስፎርመር አልተቃጠለም፣ ሰው አልሞተም። የዚያች ሳጥን ጥቅም ምንድን ነው ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ሳጥኗ ብትናገርም የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል።

ያን ቀን፣ ገና እግሬን ገጥሜ እንደቆምኩ፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ።

«አለህ?»

«አለሁ፣ ጋሼ።»

ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«እንግዲያው እንዳትነቃነቅ። ካለህበት ሆነህ ንገረኝ እስቲ፤ ሽቦው ሲወርድ ምን ይመስል ነበር?»