አንድ ጣት ውሃ

ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖች፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ። ይህን የምታነብላችሁ የልጅ ልጃችን ናት፤ ቃሉ ግን የኔ፣ የሟቹ ባለቤት ነው፤ ፊደል ስላልቆጠርኩ እየነገርኳት ጻፈችው። አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ ብያታለሁ፤ ብልም አላምናትምና ከፊት ወንበር ተቀምጬ እየሰማኋት ነው። ቤት ውስጥ "አንተ" ነበር የምላቸው፤ ዛሬ አደባባይ ነውና በክብራቸው ይጠሩ።

ባለቤቴ ከዳቦ ቤት ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በርና መስኮት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ እየሰፉ ቤቱን ካቆሙት እናታቸው፣ ከአምስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሳያሸቱ የሚጎርሱት ነገር ስላልነበረ፣ እናታቸው "ምን አድርጌበት መስሎህ ነው?" እያሉ ይቆጧቸው እንደነበር አማቴ ራሳቸው አጫውተውኛል። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል የተከታተሉ ሲሆን፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነሥተው "የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" ቢሉ፣ መምህሩ ከፈተና ለመሸሽ ነው ብለው ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቆሟቸው፤ ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ውስጥ የነደደው ሽቦ ጭሱን ለቀቀው። መምህሩ ይቅርታ መጠየቃቸውን ግን አልሰማሁም። አፍንጫቸው እውነት ሲናገር የሚያምናቸው ሰው ማጣት የጀመሩት ያኔ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል ብርጭቆ አጣቢ ሆነው ገቡ፤ በአምስተኛው ዓመት አሮጌው ባርማን የአፍንጫቸውን ነገር አይተው ከባንኮኒው ኋላ አስገቧቸውና ሙያውን አስተማሯቸው። ከተማሩት ሁሉ የሚወዱት ኮክቴል አንድ ነበር፤ ግማሹ ሼሪ የሚባለው ደረቅ ወይን፣ ግማሹ በቅጠላቅጠልና በሥራሥር የተዘፈዘፈው ቬርሙት የሚባለው ወይን፣ በላዩ ከብርቱካን ልጣጭ የወጣ መራራ ሁለት ጠብታ። ይህንን በበረዶ ላይ በረጅም ማንኪያ፣ ሳይንጡ፣ በልባቸው አርባ እስኪቆጥሩ ያማስሉና በቀዘቀዘች ትንሽ ብርጭቆ ያጠልሉታል፤ ከዚያ ቁራጭ የብርቱካን ልጣጭ ከላይ ጨመቅ ያደርጋሉ። የማያሰክር፣ ሰው ከእራት በፊት ይዞት እያወራ የሚቆይ መጠጥ ነው። ደንበኞቹ "ጨዋው" ብለው ይጠሩት ነበር። አዲስ የመጣ ሰው ግን አንዴ ይቀምስና ብርጭቆውን ወደ መብራት ያነሣል፤ "ይሄ ነገር አልያዘኝም፤ ምን ቀላቀልክበት?" ይላል። መጠጡ ራሱ ገና ከመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነበር ማለት ነው።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው እኔን አገቡ። እኔ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ተጠራጣሪ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት። ባገባን በሦስተኛው ወር ኮታቸውና ጣታቸው ሁልጊዜ ብርቱካን ብርቱካን እንደሚሸት ልብ አልኩ። ብርቱካን የሚሸት ሽቶ የምትቀባ ሴት አለች ብዬ ደመደምኩ፤ መልኳን ሳይቀር በሐሳቤ ሠራሁት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ከአዳራሹ ዓምድ ኋላ ቆምኩ። ሰውዬው በትንሽ ቢላ ብርቱካን እየላጡ ናቸው። አዩኝና ሳይደነግጡ "ነይ፣ ልጣጩን አሽትቺ፤ የምትፈልጊያት እሷ ናት" አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ። ሰው ከዚያ በኋላ ይማራል አይደል? እኔ አልተማርኩም።

ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ወለድን። ባለቤቴም ሥራቸውን አክብረው፣ የተከፈተ ቬርሙት እንደ ወተት ይበላሻል እያሉ ጠርሙሱን በየጠዋቱ እያሸተቱ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ አሥራ ሰባት ዓመት ከባንኮኒው ኋላ ቆሙ። አሁን ወደዚያ ነገር ልግባ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ባለቤቴን የምታውቋቸው "ውሃው" በሚል ቅጽል ስም እንደሆነ አውቃለሁና፣ ያ ስም ከሳቸው ጋር እንዲቀበር አልፈልግም። እውነቱን ከኔ ሌላ የምታውቀው ጎረቤቴ ስለሞተች፣ ዛሬ ካልተናገርኩት ማንም አይናገረውም።

አርባ አንድ ዓመት በሞላቸው ወራት የሆቴሉ ወጥ ቤት ዓሣውን ከበረዶው ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። ባለቤቴ በረዶው ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብለው ለሆቴሉ ባለቤት ሁለት ጊዜ አመለከቱ። "በረዶ ደግሞ ምን ሽታ አለው? አንተ ሰውዬ!" ተባሉ። ባለቤቴም የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ፤ እኔ ግን ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው ከጓዳው በር ሆኜ ያየሁትን ነው፤ ውሃ ያፈላሉ፣ ያቀዘቅዛሉ፣ ጠርሙስ ውስጥ በጣታቸው ለክተው ይጨምራሉ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ያስገባሉ። በየቀኑ። ልቤ መጥፎ ነገር ነገረኝ። እሳቸውን መጠየቅ ሲገባኝ፣ ከሆቴሉ ልብስ አጣቢ፣ ከጎረቤቴ ጋር ልብስ ስናሰጣ አፌን ከፈትኩ።

"ምነው እህቴ፣ ፊትሽ ጠቆረብኝ?" አለችኝ።

"ምን ልበልሽ፤ ያ ሰውዬ ውሃ ይዞ ነው ሥራ የሚሄደው።"

"ውሃ? ሆቴሉ ውሃ የለውም እንዴ?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

በቃ፣ ይህችው ናት። በሦስተኛው ቀን ወሬው የደረሳቸው የሆቴሉ ባለቤት፣ አሁን በሦስተኛው ረድፍ ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡት፣ ለቅሶ ሊደርሱ ይሁን ለማረጋገጥ እንደመጡ እኔ አላውቅም፣ "ጨዋው" ቀድሞ ተቀላቅሎ የተዘጋጀበትን ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው ውስጥ አውጥተው ደንበኛ በሞላበት አዳራሽ "እዚህ ውስጥ ውሃ አለ ወይስ የለም?" ብለው ጠየቁ። ባለቤቴም "አለ ጌታዬ፤ መኖርም አለበት" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሽርጣቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ውሃው" ተባሉ፤ ትልቋ ልጄም "የውሃው ልጅ" ሲሏት እያለቀሰች ከትምህርት ቤት ትመለስ ነበር፤ እንባዋን የምጠርገው እኔው ነኝ፣ እኔው።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ በቀለም መሸጫ መደብር ቀለም ቀላቃይ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አገለገሉ፤ አንድ ግድግዳ ተሠርቶ ሳያልቅ ቀለም ቢያልቅ፣ ቁራጩን አይተው ያንኑ መልክ መልሰው የሚያወጡ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ የመደብሩ ሰዎች እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ። ቡና ቤት ግን ደጃፉን አልረገጡም።

ትልቋ ልጃችን ስትዳር ነው እኔ የነቃሁት። ለእንግዶቹ "ጨዋውን" ቤታችን ውስጥ በንጹሕ በረዶ ሠሩላቸው፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ብርጭቆ እወለውላለሁ። በረዶው ሳይገባ ማማሰያ ብርጭቆው ውስጥ ሁለቱን ወይን ሲያንቆረቁሩ እስከየት እንደደረሰ አየሁ፤ አርባ ቆጥረው ሲያጠልሉት ደግሞ ከቀድሞው በአንድ ጣት በልጦ ወጣ። "ከየት መጣ ይሄ?" ብላቸው፣ "በረዶው ነዋ፤ ውሃው ካልገባ ሁለቱ ወይኖች ይጣላሉ" አሉኝ። አንድ ጣት! ያቺ ከጓዳው በር ሆኜ ያየኋት አንድ ጣት! መጠጡን በጠርሙስ ቀላቅለው ያለ በረዶ ሊያቀዘቅዙት፣ የሚሸተው በረዶ ይሰጥ የነበረውን ውሃ ነበር ለካ ከቤት ለክተው የሚወስዱት፤ የሰረቁትም ያታለሉትም አልነበረም። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ሰዉ እልል ሲል "ደስታ ነው" ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ። ጎረቤቴ ነግራቸው ይሆን? በመነጽራቸው አናት ባዩኝ ቁጥር፣ ሻይ ባቀረብኩላቸውና አሽትተው በጠጡ ቁጥር፣ አሁን ሊናገሩኝ ነው እያልኩ ኖርኩ። ባያውቁስ ለምን ልንገራቸው እላለሁ፤ ቢያውቁስ ለምን አይናገሩም እላለሁ። ከአንድ ትራስ ላይ ሆኜ ባሌን ስሰልል አረጀሁ።

ያለፈው ዓመት ልባቸው ደከመና አልጋ ያዙ። ሐኪሙ የፈቀደላቸው አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ነበረች፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ሼሪውን፣ ቬርሙቱን፣ ሁለቱን ጠብታ አደረግሁ፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ግን በረዶ አልነበረንም። እሳቸውም ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ "ከማንቆርቆሪያው ውሃ ጨምሪበት፤ ልኩን ታውቂዋለሽ፤ ከጓዳው በር ሆነሽ ስታዪኝ አልነበር?" አሉኝ።

አንድ ጣት ጨምሬ ሰጠኋቸው። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አልኳቸው።

"ሽርጤን ካወለቅሁ ማግስት ጀምሮ። አጣቢዋ አልቅሳ ነገረችኝ።"

"ታዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ምን አፍህን ያዘው?"

"አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነዋ" አሉኝ፤ አሽትተው ጠጡና "ልክ ነው" አሉ። እኔም፣ ይኸው ነው ጥፋቴ፣ ያኔም ቃል አልወጣኝም፤ ብርጭቆውን ተቀብዬ ላጥብ ሄድኩ። በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሳሉ በሰላም አረፉ።

ባለቤቴ ከኔ ሌላ ሁለት ሴት ልጆችን፣ አንድ ወንድ ልጅን፣ ይህን የምታነብላችሁን ጨምሮ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት እህትና ቀለማቸው የተቀባባቸውን የዚህን ከተማ ግማሽ ግድግዳዎች ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ሲጠብቁት የኖሩትንም ቃል ዘግይቶም ቢሆን ያሰማልን። አዎ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ይቅር በለኝ አንተ ሰው።

ከዚህ ስንመለስ በቤታችን ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ትንሽ ብርጭቆ ይጠብቃችኋል፤ እርስዎም በሦስተኛው ረድፍ ያሉት እንዳይቀሩ። ከትናንት ጀምሮ በጠርሙስ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሯል። ከመቅመሳችሁ በፊት እንደሳቸው አሽትቱት። ውሃ አለበት፤ አንድ ጣት፤ የጨመርኩትም እኔ ነኝ።