የሚፈስ ጋዝ፣ የማይፈስ ጋዝ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጋዝ ማለት ላምባ ነበር። እዚህ መካ፣ ኩዳይ ውስጥ፣ ከሱቅ በጀሪካን የምናስቀዳው፣ ሽታው ከእጅ የማይለቀው። ወሎም ጋዝ የሚባለው እሱ ነው። ታዲያ ይህን ያዙልኝ።

የእህቴን ልጅ ራህመትን ታውቋታላችሁ፣ ጅዳ ሩዋይስ ሰው ቤት የምትሠራው። እና መዳሟ፣ አሠሪዋ ማለቴ ነው፣ አሮጊት እናት አሏት፣ ብርድ የማይችሉ። ጅዳ ደግሞ ምን ብርድ አለ አትበሉኝ፤ ስታረጁ ታዩታላችሁ። ክፍላቸውን የሚያሞቀው የላምባ ምድጃ ነበር፣ ጭሱ ያስላቸዋል። ታዲያ ባለፈው የብርድ ወራት መዳም አዲስ ማሞቂያ ገዛችና፣ "ካላስ፣ በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ በጋዝ ነው" ብላ የቡታጋዙ ሲሊንደር ሳይመጣ ገበያ ሄደች።

ራህመት ጋዝ ስትባል ጀሪካኑን አነሳች። እና ማሞቂያውን ብታዞረው፣ ብትገለብጠው፣ ማፍሰሻ የለውም። በመጨረሻ ከጀርባው አንድ ቀዳዳ አገኘች። አሮጌው ምድጃ አጠገቧ እየነደደ ጀሪካኑን ልታዘነብል ስትል መዳም ገባች።

ስልኬ ጮኸ። "እናቴን ልታቃጥልብኝ ነበር፣ ዛሬውኑ አገሯ ትግባ" ትላለች መዳም። ራህመት ከኋላ ታለቅሳለች። አገናኚኝ አልኩና ራህመትን ጠየቅኳት፣ "ልጄ፣ ምን አድርጊ ተባልሽ?"

"ጋዝ ነው ያሉኝ፣ አጎቴ። ወላሂ ጋዝ ነው ያሉኝ።"

"ጋዝ ምንድን ነው?"

"ጋዝ ጋዝ ነዋ። ላምባ።"

እና ለመዳም በዓረብኛ አስረዳኋት፣ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ነው ብዬ። "ዘመድህ ስለሆነች ነው የምትከላከልላት" አለች። ዘመዴ መሆኗ እውነት ነው። ታዲያ ይኼኔ በስልኩ ውስጥ ከአልጋው በኩል የአሮጊቷ ድምፅ መጣ፣ እንዲህ እየተጎተተ፣ "ልጅቷን ተያት። በረደኝ፣ ቶሎ አፍስሺበት ያልኳት እኔ ነኝ። በእኛም ጊዜ ጋዝ ይፈስ ነበር።"

"አንቺ፣ እማዬ?"

"እኔ።"

መዳም "ካላስ" አለች። ራህመት ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

"ታዲያ እሳቸው እንዳዘዟት ለምን አልተናገረችም?" ትሉኝ ይሆናል።

እኔም ጠይቄያት ነበር። "ልጃቸው እንዳትቆጣቸው ብዬ" አለችኝ። አሁን እዚያ ቤት የሚፈስ ጋዝና የማይፈስ ጋዝ ይባላል። መዳምም እንደዚያው ነው የምትለው፣ ሃ ሃ።