የጋሽ ጠና ቀይ ነጥብ

ጓዶች፣ እንግዶች፣ እትዬ ትርፌ፤ አተካናው ከነቅቤው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ ብዬ ለወጥ ቤቶቹ ቃል ገብቻለሁና ጆሮ ስጡኝ። ጋሽ ጠና፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንንም ማስቆም ስለማይችሉ እኔንም አያስቆሙኝም። ተቀምጠው ይስሙ።

ጋሽ ጠና ከአዲሎ ተዛውረው እዚህ ሆሳዕና መጋዘን የመጡ ዕለት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጠዋት ስንመጣ በሩ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ቆሟል። የተሰጣቸው መመሪያ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ማንም እንዳይገባ ይላል። ችግሩ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወንዳፈረውም ከእኛ ጋር ውጭ ነበሩ። ጠጋ ብለው፣ «ሥራ አስኪያጁ እኮ እኔ ነኝ» አሏቸው። ጋሽ ጠና ከላይ እስከ ታች ካዩዋቸው በኋላ፣ «እሱ ገብተው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ነው፤ አሁን ውጭ የቆሙ ሰው ነዎት» አሉ። የሺንሺቾው መኪና ሾፌር እየሳቀ መሪው ላይ ተደፋ። በመጨረሻ ጓድ ወንዳፈረው ግንቡን ተደግፈው ለራሳቸው ፈቃድ ጻፉ፤ ፈረሙበት፤ ገቡ። ከዚያ በኋላ እኛን አንድ በአንድ አስገቡን።

ሽጉጣቸውን «እሷ» ነበር የሚሏት። ይህን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ብዙ ተቸግሯል። «ዛሬ እሷን ፈታትቼ ዘይት ቀባኋት» ሲሉ የሰማ አንድ ልጅ ባለቤታቸውን እትዬ ትርፌን መንገድ ላይ ሲያገኛት ዓይኗን ማየት አቅቶት ነበር አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ሲያጸዷት ማንም አያናግራቸውም ነበር። የልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ፤ ታደሰን ሊጠሩ ሦስቱን ሴቶች ጠርተው ነው የሚደርሱበት። የሷን ቁጥር ግን እንቅልፍ ላይ ብትጠይቋቸው አይስቱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርጋቸውም፤ ስለዚህ እናገረዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኤሊያስ፣ ዓይኔ ከዳኝ» አሉኝ። «ሳነጣጥር ጫፏ ላይ ያለችውን ብረት ካየሁ ሰውየው ይጠፋል፤ ሰውየውን ካየሁ ብረቷ ትጠፋለች።» የዓመቱ የተኩስ ፈተና እየደረሰ ነበር። የወደቀ ጥበቃ ይሰናበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ገና ያልደረሱ ልጆች አሉ፤ ለጡረታም ጊዜ ይቀራቸዋል።

አንድ የጦር ሠራዊት ጓደኛቸው መላ ነግሯቸዋል። የማነጣጠሪያዋን ጫፍ ቀይ ብትቀባው ዓይንህ ሳይፈልጋት ራሷ ትመጣለች ብሏቸዋል። ጋሽ ጠና ግን መወሰን አቃታቸው። ቢቀቡት ሰው ለምን ቀባህ ይላል፤ ለምን ካለ ዓይናቸው ይታወቃል። ባይቀቡት ደግሞ ይወድቃሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ አፍረዋል። «ጥፍሯን የተቀባች ሽጉጥ ታጥቄ በሆሳዕና ገበያ ልሂድ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሳቅሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቅር አላሉኝም።

ለማንኛውም ቀለሙን ልግዛና ቆይቼ እወስናለሁ ብለው ረሻድ ሱቅ ሄዱ። የጥፍር ቀለም፣ ደማቅ ቀይ። ረሻድም ደስ ብሎት፣ «ለእትዬ ትርፌ ነው?» አላቸው። ሰውየው ደግሞ መዋሸት አይችሉም፤ «አይደለም፤ ለመንግሥት ንብረት ነው» አሉ። ረሻድ እስከ ማታ ይህን ያልነገረው ደንበኛ የለም። እትዬ ትርፌ ወሬው ሲደርሳት ቀለሙን ቤት ጠበቀች። ቀለሙ አልመጣም። በማግስቱ ቢሮአችን መጥታ እንደ ዋዛ ሁላችንንም ሰላም አለች፤ የሴቶቹን እጅ ግን ይዛ ትቆያለች። ታይፒስታችን ጣቢታ፣ በዕድሜዋ ጥፍሯን ቀብታ የማታውቅ ልጅ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት በድንጋጤ እጇን ሹራቧ ውስጥ ደበቀች። በዚህም ጥርጣሬው ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። ጣቢታዬ፣ ዛሬ ነጻ ወጥተሻል።

ጋሽ ጠና ቀለሙን ኪሳቸው ውስጥ ያቆዩት ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት አይቀባም ብለው ነው። ፈቃዱን ሊጠይቁ የመረጡት ቦታ ደግሞ የት መሰላችሁ? የሰኞ የውይይት ክበብ። ሰብሳቢያችን ጓድ ቸኮል ናቸው፤ ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ስብሰባ ለመዝጋት ቸኩለው አያውቁም። «ሌላ ያልተነሣ ነጥብ አለ?» ሲሉ ጋሽ ጠና እጅ አወጡና፣ «ስለ ቀይ ነጥብ ውሳኔ እንዲሰጠኝ ነው» አሉ።

ጓድ ቸኮል ቀይ ነጥብ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አለማወቃቸው እንዲታወቅ ደግሞ አይፈልጉም። ስለዚህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ይህ እጅግ መሠረታዊ ነጥብ ነው፤ ቤቱ ይወያይበት» አሉ። ቤቱም ተወያየ። የሒሳብ ክፍሉ አበራ ተነሥቶ ቀይ ነጥብ በከተማ ብቻ ሳይወሰን ሀደሮና ሺንሺቾ ድረስ መውረድ አለበት አለ። ሌላው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም መምጣት እንዳለበት አሳሰበ። ነገሩን የማውቀው እኔ ሳቄን ልደብቅ ጠረጴዛ ሥር ያልወደቀ እስክሪብቶ እፈልጋለሁ። ጋሽ ጠና ግራ ገብቷቸው፣ «ኧረ ጓዶች፣ ለጫፏ አንድ ጠብታ ትበቃለች» ቢሉ ጓድ ቸኮል፣ «ጓድ ጠና፣ ትግሉን አናሳንሰው» ብለው አስቀመጧቸው። ቀይ ነጥብ በአስቸኳይ ሥራ ላይ እንዲውል በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጓድ ቸኮል፣ አይሸሹ፣ ጭብጨባው ለእርስዎም ነው።

እንግዲህ በአገሪቱ ውስጥ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወስኖ የተቀባች ሽጉጥ የጋሽ ጠና ብቻ ሳትሆን አትቀርም። የዚያን ዕለት ማታ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አውጥተው በክብሪት እንጨት አንዲት ጠብታ አኖሩባት። እትዬ ትርፌ ቆማ አየችና፣ «ለሷ ቀባህላት። ለኔስ?» አለች። የተረፈው ቀለም የት እንደገባ ዛሬ ጣቶቿን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ፈተናውንም አለፉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እየሳቅሁ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ካቃተኝ ታገሡኝ።

በዚያው ክረምት አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ መጋዘኑ ውስጥ ከኋላ ያለውን የጆንያ ክምር ሳስተካክል ተረኛው ሳያየኝ ቆልፎብኝ ሄደ። ዝናቡ መጣ። የቆርቆሮ ጣራ ሥር የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ራስህ ብትጮህ ራስህን አትሰማም። ማዳበሪያ ጆንያ ራሴ ላይ ደፋሁና በኋላው መስኮት ልወጣ ወንበር አስጠጋሁ። በዚያ ሰሞን መጋዘን ሰብረው የሚገቡ ሌቦች አሉ ተብሎ ጥበቃው ሁሉ ታዞ ነበር። ዞር ስል ጋሽ ጠና በሩን ከፍተው ቆመዋል፤ ሽጉጣቸው እኔ ላይ ነው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ቁም እያሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁም። እኔም ኤሊያስ ነኝ እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሳቸውም አይሰሙም። ይባስ ብዬ ወደ እሳቸው መራመድ ጀመርኩ።

ሽጉጧ ዝቅ አለች። ጋሽ ጠና ጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ደርሼ ጎንበስ አልኩ። ጆሮዬ ሥር ገብተው የነገሩኝን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ «ነጥቧ ደረትህ ላይ ተቀመጠች። ዓይኔ ብረት ከመፈለግ ሲያርፍ እግርህን አየሁ። እንደ ዳክዬ ወደ ውስጥ እየረገጠ የሚሄድ አንተ ብቻ ነህ።» እናቴ ስለዚህ እግሬ ያላለቀሰችበት ቀን አልነበረም። አሁን ማንም እንዲያቃናልኝ አልፈልግም።

ጋሽ ጠና፣ በማግስቱ ያደረጉትን እዚህ ያሉት ብዙዎቹ አያውቁም። ማንም ሳይጠይቅዎት ጓድ ወንዳፈረው ቢሮ ገብተው ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ዓይኔ ግን ደክሟል፤ ትናንት ሰው ልገድል ነበር» አሉ። ሥራዎን የሚያጡበትን ቃል በራስዎ አፍ ተናገሩ። ልጆችዎን ያሳደጉበትን ሥራ። ጓድ ወንዳፈረውም፣ እዚህ ስላሉ አመሰግናቸዋለሁ፣ «የደከመ ዓይን ኤሊያስን ካየ፣ ደህናው ዓይን ምን ሊያይልኝ ነው?» ብለው ያለ ሽጉጥ በሩ ላይ አቆዩዎት። ከዚያ ወዲህ የመጡትን ወጣት ጥበቃዎች ሁሉ፣ «ከመሣሪያህ በፊት ሰውየውን እይ» እያሉ ያስተማሩ እርስዎ ነዎት።

እኔ እርስዎን በደንብ አመስግኜ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብሎ ሰው ያመሰግናል? ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሰላም ስንባባል ልናገር እልና፣ «ደህና አደሩ» ብዬ አልፋለሁ። ስለዚህ ዛሬ በሁሉ ፊት እላለሁ፤ አመሰግንዎታለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ጠጅ የያዘ በጠጁ፣ እንደኔ ጠጅ የማይቀምስ በሚሪንዳው። ጋሽ ጠና፣ ጡረታው የዕረፍት ይሁንልዎ፤ ቅዳሜዎን ለእትዬ ትርፌ ይስጡ፤ የታደሰንም ልጅ በስሙ ለመጥራት ያብቃዎት። እትዬ ትርፌ ጭን ላይ ተቀምጣ ሚሪንዳ ቀሚሷ ላይ የምታፈሰውን ልጅ አያችኋት? ብርቅዬ ትባላለች። የኔ ናት። የተወለደችው ከዚያ ዝናብ በኋላ ነው።

ላልተተኮሰችው ጥይት እንጠጣ።