ማታ ማታ የሚያርፈው ፍሪጅ

የልጅ ልጄን ወደ ሕፃናት ማቆያ የማደርሳት እኔ ነኝ። እናትና አባቷ በማለዳ ወደ ሥራ ይሮጣሉ፤ እኔ ደግሞ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምሮጥበት የለኝም። በዚያን ቀን ግን ልጅቷ የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሬ ካላደረግሁ ብላ ስትሟገተኝ ረፈደብን። በሩ ጋ ስንደርስ ዘበኛው ክንዱን ዘርግቶ አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት አላሳልፍም ይላል።

ዘበኛው እኩያዬ ስለሆነ አንተ እንባባላለን። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዕቃ ሻጭ ናት፣ እማማ ዕቃ ሻጭ እንዳታስገባ ብለውኛል አለኝ። ወጣቷ በትሕትና ዕቃ ሻጭ አለመሆኗን፣ የሕፃናት ማቆያዎችን ፈቃድና የምግብ ንጽሕና ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መምጣቷን ነገረችኝና መታወቂያዋን አሳየችኝ። ደብዳቤም አስቀድሞ ተልኳል አለች። ዘበኛው መታወቂያውን አገላብጦ አየና፣ አንተ ዋስ ከሆንክላት ትግባ ብሎ ክንዱን አጠፈ። እንዲህ ሆኖ ነው እኔ የማያገባኝ ነገር ውስጥ ገብቼ የሁሉም ምስክር የሆንኩት።

የቤቱን ባለቤት የሰፈሩ ሰው «እማማ ደጓ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ዛሬ ሹፌር ወይም ነርስ የሆነውን ጎልማሳ መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ «ይሄን እኮ ጡጦ ያስተውኩት እኔ ነኝ» ብለው ለሚስቱ ይነግሩለታል። በረንዳቸው ላይ ጠዋት ጠዋት አሥራ ስምንት ጥንድ ትንንሽ ጫማ ይደረደራል። ልጅ ሲያለቅስ ከጓዳ ሆነው የማን ልቅሶ እንደሆነ ይለያሉ። ለዚህ ሁሉ ግን አንዲት ወረቀት የላቸውም። ማቆያዎች ሁሉ ፈቃድ ያውጡ የሚለው ደንብ ሲመጣ፣ ነገሩ አዲስ ለሚከፍቱት ነው ብለው ችላ አሉት።

እንግዳዋን ሳስተዋውቃቸው በደስታ ተቀበሏት። ደብዳቤው ደርሶዎት ነበር ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ደርሶኛል እንጂ» ብለው የጓዳውን መሳቢያ ሳቡላት። ደብዳቤው ማኅተሙን ወደ ላይ አድርጎ ከማንኪያዎቹ ሥር ተነጥፏል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ውሃ አያስገባም ሲሉም መሥሪያ ቤቱን አመሰገኑላት።

ወጣቷ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አልተቀመጠችም፤ ቀስ እያለች ጓዳውን ማየት ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ጓዳው የቆሸሸ አይደለም። ድስቶቹ ያበራሉ፣ ወለሉ ይታጠባል። ነገር ግን ከቧንቧው አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ጨርቅ ተሰቅላለች፤ እኔ በቆምኩባት ሩብ ሰዓት ውስጥ ያቺው ጨርቅ ጠረጴዛ ወለወለች፣ የድስት ክዳን ያዘች፣ የአንዱንም ሕፃን አፍንጫ ጠረገች። ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያየኋት ግን ያኔ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ከቦርሳዋ የሙቀት መለኪያ አወጣች።

«ኧረ ልጄ፣ ዛሬስ የታመመ ልጅ የለንም» አሉ እማማ ደጓ።

«ለልጅ አይደለም እማማ፤ ለፍሪጁ ነው።»

«ፍሪጁ አተኮሰው?»

በእርግጥም አተኩሶት ነበር። መለኪያው ከአምስት በታች ማሳየት ሲገባው አሥራ ሰባት አለ። ምነው ተበላሽቶ ነው ወይ ብትላቸው እማማ ደጓ ደነገጡ፤ ፍሪጃቸውን የሚወዱት እንደ ቤተሰብ ነው። በጥልፍ ጨርቅ ያለብሱታል። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገላቸውም በአያያዛቸው እንደሆነ በኩራት አስረዷት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማታ ማታ ልጆቹ ሲሄዱ ሶኬቱን ነቅለው ያሳርፉታል፣ ጠዋት ሲመጡ ይሰኩታል።

«ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ውሎ ሌሊቱንም ያጓራ?» አሉ። «ነፍስ ባይኖረውም ጉልበት አለው እኮ። እኔ ራሴ ማታ ካላረፍኩ ጠዋት ለሥራ አልሆንም።»

ወጣቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ስትውጥ አየኋት። ከዚያ ትናንት የተቀቀለውን ሩዝ ከነድስቱ አውጥታ መቼ እንደሚበላ ጠየቀች። ዛሬ ምሳ ላይ፣ ደህና አድርጌ አሙቄው አሏት። ሌሊቱን ሙሉ በሙቀት ያደረ ምግብ ለልጆች አይሰጥም፣ መደፋት አለበት ስትል ግን የእማማ ደጓ ፊት ተለወጠ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው አደራ ይዣለሁ። ክፉ አልገጠመኝም። አንቺ እንኳን ሥራ ልትይዢ ጥርስ ሳታበቅዪ ጀምሬ ነው።»

«አውቃለሁ እማማ። ልጆቹ ግን ታመው አያውቁም?»

«ልጅ ሆኖ የማይታመም አለ? ጥርስ ሲያወጡ ሆዳቸው ይላላል። እሱ ደግሞ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ የፍሪጅ አይደለም።»

እኔም ከበሩ ጋ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ሁለት ቀን ሆዷን አሟት ስትተኛ፣ «ጥርስ ነው» ብዬ ልጄን ያረጋጋሁት እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ ማንኪያም ድዷ ላይ እይዝላት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የልጅቷ አፍ ከወተት ጥርሷ አንድም እንደማይጎድለው ግን ቆጥሬ አላውቅም።

ተቆጣጣሪዋ የልጆቹን መቆጣጠሪያ ደብተር ጠየቀች። እማማ ደጓ በዚህ ነገር ማንም አይችላቸውም፤ የመጣውን፣ የቀረውን፣ የቀረበትን ምክንያት በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ይመዘግባሉ። ወጣቷ ያለፈውን ወር ስትገልጥ አንድ ሐሙስ ላይ ቆመች። ሰባት ልጆች ቀርተዋል። ከሰባቱም ስም ፊት ለፊት «ጥርስ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሰባቱም በአንድ ሌሊት ጥርስ አወጡ?»

«ይሆናል። ልጆች ይተያያሉ።»

«ይሄኛው ልጅ እኮ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እሱ እያወለቀ ነው» አሉ እማማ ደጓ ሳይጨነቁ። «ማብቀልም ማውለቅም ያው ድድ ነው።»

በዚህ መሐል ዘበኛው ውሃ ሊጠጣ ገብቶ ኖሮ፣ ወሬው የቀሪዎች መሆኑን ሲሰማ ሕሊናው ወቀሰው መሰለኝ፣ ያን ሐሙስ እኔም ሳላስፈቅድ ቀርቻለሁ፣ ከደመወዜ ይቆረጥ ብሎ ተናዘዘ። ተቆጣጣሪዋ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን ሆነው ነበር ጋሼ?»

«ሆዴን ነዋ። ሲያስመልሰኝ፣ ሲያስቀምጠኝ ነው የነጋው።»

«ረቡዕ ዕለት ምን በሉ?»

«ከልጆቹ የተረፈውን ሩዝ እማማ ሰጥተውኝ ነበር። ጣፋጭ ነበር፤ በምግቡ አላማም።»

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስድሳ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ጥርስ ሊያበቅሉ ይሆን?» አለች።

ዘበኛው ጥያቄውን የመንግሥት ጥያቄ ነው ብሎ በቁም ነገር ያዘው። በምላሱ ድዱን ዙሪያውን ዳሰሰ። የቀሩት ሦስት ናቸው። «ኧረ እኔ እንኳ ከእንግዲህ ተስፋ የለኝም» አለ።

የሳቅኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። እማማ ደጓ ደብተሩን ከወጣቷ እጅ ወስደው ገጹን ደጋግመው አዩት። ጣታቸው ከስም ወደ ስም ሄደ። ከዚያ ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣ ተቀመጡ።

«እኔ ነኛ ያሳመምኳቸው» አሉ።

ወጣቷ አጠገባቸው በርከክ አለች። ክፋት እንዳልሆነ፣ ብዙ ቤት የሚደርስ ነገር መሆኑን ነገረቻቸው። የበሰለ ሩዝ ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ በዓይን የማይታይ ጀርም ይራባበታል፤ ጀርሙ የሚተወው መርዝ ደግሞ ምግቡ ተመልሶ ቢፈላም አይጠፋም አለቻቸው። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ በእጅ፣ በአፍንጫ፣ በልምድ አይገኝም፤ የሚገኘው በመለኪያና በሰዓት ነው። ይህንኑ እኔ ራሴ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስንት ዓመት አስተምሬ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱን የተውኩት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ነው፤ ቤቴ ይዤው አልሄድኩም።

እማማ ደጓ በፍሪጁ ነገር ተሸነፉ። ስለ ፈቃዱ ግን ገና ነበሩ። ጥፋቴን ካሳየሽኝ አስተካክለዋለሁ፣ ወረቀት ደግሞ ለምን አሏት። እናቶቹ በፈቃዳቸው ልጃቸውን ሰጥተውኛል፣ ከእናት በላይ ፈቃድ ሰጪ ማን አለ ሲሉ፣ ነገሩ ለጊዜው ለእኔም እውነት መሰለኝ። ወጣቷ ጓዳውን ዙሪያውን ቃኘች።

«እማማ፣ እናቶቹ ይህን ጓዳ አይተውት ያውቃሉ?»

«በምን ጊዜያቸው? ሥራ ላይ ናቸው።»

«እኔና እርስዎ ምግቡ ካልጣመን ሳህኑን ገፍተን እንነሳለን። የሁለት ዓመት ልጅ ግን የሚወደው ሰው በማንኪያ ከሰጠው ይውጣል። ቢያመውም ምን እንደበላ አይናገርም። እናቱ አታይለትም፣ እሱ አይናገርም። ታዲያ አንድ የሚያይለት ሰው አያስፈልገውም? ፈቃድ ማለት እኮ ሌላ አይደለም፤ አይቼዋለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው አለ ማለት ነው።»

«ልትዘጊብኝ ነው?» አሉ እማማ ደጓ፤ ድምፃቸው ልክ እንደ ልጅ ነበር።

አልዘጋም አለች። የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ ሰጠቻቸው፤ እስከዚያ ግን በዕለቱ የተሠራ ምግብ ብቻ፣ ከተሠራም ሁለት ሰዓት ሳይሞላው እንዲበላ። ጥሬ ሥጋ የራሱ መክተፊያ እንዲኖረው፣ ሳሙና ልጆቹ በሚደርሱበት ከፍታ እንዲቀመጥ፣ ምግብ የሚነካ ሁሉ በሐኪም እንዲታይ አዘዘች። እንቁላል የማይስማማውና ለውዝ የማይስማማው ልጅ ስማቸው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍም ነገረቻቸው። እዚህ ላይ እማማ ደጓ፣ አይስማማውም የሚባለው የእናቱ ቅምጥልነት ነው ብለው ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱና ዘበኛውን አይተው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ትጋት ቀላል አይደለም። ሰማያዊዋ ጨርቅ በአምስት ጨርቆች ተተካች፤ የአፍንጫዋ ቀይ ናት። እማማ ደጓ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ዘበኛውንም ጎትተው ወሰዱት፤ እኔ በር እንጂ ምግብ አልነካም ቢል የሚሰማው አላገኘም። ቴርሞሜትር ገዝተው ፍሪጁ ውስጥ ሰቀሉና በየሰዓቱ እየከፈቱ ሲያዩት፣ መክፈትዎ ራሱ ያሞቀዋል ብዬ በስንት ልመና በቀን ሁለት ጊዜ ላይ አስማማኋቸው። አንድ ቀን እኔንም እጅህን ሳትታጠብ ልጅቷን ብስኩት አጎረስካት ብለው በልጆቹ ፊት ወቀሱኝ። የልጅ ልጄ በጣም ደስ አላት።

ቀጠሮው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ግን ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ። ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆችን ሁሉ ጠርተው፣ ያለፈውን ወር ነገር ሊነግሯቸው መሆኑን አማከሩኝ። እኔ ይተዉት አልኳቸው። ያለፈ አለፈ፣ ልጆቹ ድነዋል፣ ሰው ይሸሽብዎታል አልኩ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ልጁን አምኖ ከሰጠኝ ሰው ምን እደብቃለሁ? እኔ ካልነገርኳቸው የሚያምኑት እኔን አይደለም፤ የሌለች ሴትዮ ነው።»

ወላጆቹ ግቢው ውስጥ ቆመው እማማ ደጓ ሁሉንም ነገሯቸው። ፍሪጁን እንደሚያሳርፉት፣ ሩዙን፣ ሰባቱን ልጆች፣ ምንም ሳያስቀሩ። አንድ አባት ሲስቅ ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። የአንዱ ልጅ እናት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ልጇን አቅፋ ወጣች። ሰኞ አላመጣችውም፤ ማክሰኞም። እማማ ደጓ ከጫማዎቹ ረድፍ መሐል የዚያን ልጅ ቦታ ባዶ እንደተዉ አየሁ፤ ሌላ ጫማ ሲቀመጥበት ያነሱታል።

ተቆጣጣሪዋ በቀጠሮዋ መጣች፤ ሦስት ሰዓት ያህል አየች፣ ለካች፣ ጻፈች። አንድ ጉድለት አገኘች፤ የቆሻሻ መጣያው ክዳን አይገጥምም። ዘበኛው ሮጦ አዲስ ገዝቶ መጣና ተፈረመ። ፈቃዱ በመስተዋት ተለብጦ በሩ አጠገብ ተሰቀለ።

አንባቢ ሆይ፣ የተገኘውን ጥቅም ልናገር። በሆድ ሕመም የሚቀር ልጅ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ እናቶችም ልጅ ታመመብኝ እያሉ አለቃቸውን መለመን ቀረላቸው። ምግቡ በልክ ስለሚሠራ የሚደፋ የለም። እንቁላል የማይስማማው ልጅ ገላው ሽፍ ማለቱን ተወ፤ እናቱም ቅምጥል መባሏ ቀረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እማማ ደጓ ፍቅራቸው አልቀነሰም፤ ዓይን ተጨመረለት እንጂ። ደግነት ብቻውን ድስት አያቀዘቅዝም። ደንብም ብቻውን ልጅ አያባብልም። ሁለቱ አንድ ጓዳ ሲገቡ ነው ልጅ በሰላም የሚያድገው።

ፈቃዱ በተሰቀለ በሳምንቱ ያቺ የፋብሪካ ሠራተኛ ብቻዋን መጣች። ጓዳውን ልይ አለች። ፍሪጁን ከፈተች፣ መክተፊያዎቹን አሸተተች፣ ድስቶቹን ገለበጠች፣ ተቆጣጣሪዋ እንኳ ያላየችውን የምድጃ ጀርባ ጎንበስ ብላ አየች። እማማ ደጓ እጃቸውን አጣምረው ከኋላዋ ይከተሏታል። ሴትዮዋ ጨርሳ እጇን ታጠበች፣ አደረቀችና ወደ እሳቸው ዞረች።

«ነገ ስንት ሰዓት ላምጣው?» አለች።